ገንዘቡ ሳይገባ «ዳነ» የሚባል ቡድን፦ ማንነታቸው የማይታወቅ ባለሀብቶች በፎርሙላ ዋን

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2009 ቢ ኤም ደብልዩ የፎርሙላ ዋን ቡድኑን ሸጥኩ አለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የጀርመኑ መኪና አምራች ከውድድሩ እንደሚወጣ ካስታወቀ ሰባት ሳምንት ገደማ ሆኖት ነበር። በስዊዘርላንድ ሂንቪል ለሚሠሩት የቡድኑ ሠራተኞች ከዚህ የሚበልጥ ዜና አልነበረም። ገዢው «ቃድባክ ኢንቨስትመንትስ» ይባላል። መግለጫው እንደሚለው መቀመጫው ስዊዘርላንድ ሲሆን የአንዳንድ የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ ቤተሰቦችን ጥቅም ይወክላል። የትኞቹ ቤተሰቦች እንደሆኑ ግን አልተነገረም።

ስሙ ለእግር ኳስ ተከታታዮች አዲስ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጁላይ በ1862 የተመሠረተውን የእንግሊዙን ኖትስ ካውንቲ «ሙንቶ ፋይናንስ» የተባለ ድርጅት ወስዶት ነበር፤ የሙንቶ ባለቤት ደግሞ ይኸው ቃድባክ ነው። የክለቡን አብላጫ ድርሻ የያዘው የደጋፊዎች ማኅበር ብዙ ሚሊዮን ይፈሳል ተብሎ ድርሻውን ያለ ክፍያ አስረከበ። የቀድሞው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን የእግር ኳስ ዳይሬክተር ሆኖ መጣ። ታዋቂው ተከላካይ ሶል ካምቤል በአራተኛው እርከን ሊግ ፈረመ፣ አንድ ጨዋታ ተጫውቶም ሄደ። ዲሴምበር ላይ ክለቡ ከነዕዳው በ1 ፓውንድ ተሸጠ። ከግዢው ጀርባ ይንቀሳቀስ የነበረው ራስል ኪንግ በ1991 በኢንሹራንስ ማጭበርበር ተፈርዶበት የታሰረ ሰው መሆኑም ወጣ።

የሂንቪሉ ሽያጭም ሳይፈጸም ቀረ። ቢ ኤም ደብልዩ የስፖርቱን የጋራ ስምምነት በጊዜው ስላልፈረመ የቡድኑ የ2010 ቦታ ለሌላ ተሰጥቶ፣ ሂንቪል በ14ኛ ቦታ ተጠባባቂ ሆኖ ነበር። ኖቬምበር 4 ላይ ቶዮታ በድንገት ከውድድሩ ወጣና አንድ ቦታ ተከፈተ። ኖቬምበር 27 መሥራቹ ፒተር ሳውበር ቡድናቸውን መልሰው ገዙት፤ ዲሴምበር 3 የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ቦታውን ሰጣቸው። ቡድኑን ያዳኑት መሥራቹና የቶዮታ መውጣት ናቸው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ሁሉም የሚጠይቀው «ሰውየው እውነት ገንዘብ አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእሱ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ ቡድኑ ምን ያጣል የሚለው ነው። ባዶ እጁን የመጣ አዳኝ ከቡድኑ ካዝና አንድ ሳንቲም ላይነካ ይችላል። ጊዜውን ግን ይወስድበታል፤ ለውድድር ቡድን ደግሞ የባከነ ወር በገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።

ቡድኖች ለምን እዚህ ይደርሳሉ?

የፎርሙላ ዋን ቡድን ገቢና ወጪ በአንድ ወቅት አይመጡም። ከገቢዎቹ ትልቁ የሽልማት ገንዘብ ነው፤ የሚከፈለውም በአንድ ዓመት የተገኘው ደረጃ ታይቶ በሚቀጥለው ዓመት በየጊዜው እየተከፋፈለ ነው። የወጪው ተራራ ግን ውድድር በሌለበት ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ይቆለላል። አዲስ ሻሲ (የመኪናው ዋና አካል) ይሠራል፣ የግጭት ፈተና ይታለፋል፣ ለሞተር አቅራቢው ቅድሚያ ይከፈላል፣ ደመወዝም እንደወትሮው ነው። ትልቅ አምራች ኩባንያ ከኋላው ያለው ቡድን ይህን ክፍተት በእናት ድርጅቱ ገንዘብ ይሸፍነዋል። ራሱን የቻለ ትንሽ ቡድን ግን መጪውን የሽልማት ገንዘብ አስይዞ ይበደራል። አንድ ዓመት ደረጃው ካሽቆለቆለ ወይም ዋናው ስፖንሰር ከሄደ ብድሩን የሚመልስበት አያገኝም።

እጥረቱ መጀመሪያ የሚታየው ከጋራዡ በስተኋላ፣ በመለዋወጫ መደርደሪያው ላይ ነው። በጤናማ ቡድን አዲስ የፊት ክንፍ ሲነደፍ ለሁለቱም መኪኖች ከነመጠባበቂያው ተሠርቶ ይላካል። ገንዘብ ያጠረው ቡድን አንዱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ አሽከርካሪ በአዲሱ፣ ሌላው በአሮጌው ይሮጣል። ዓርብ ልምምድ ላይ ያ ክንፍ ከተሰበረ የሳምንቱ መጨረሻ ሥራ በሙሉ ከንቱ ይቀራል። መኪናው የሚሠራበት ሙጫ የጠጣ የካርቦን ጨርቅ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ፣ የአገልግሎት ጊዜው የሚያልፍ ዕቃ ነው። በደህናው ቀን ገዝቶ ለክፉ ቀን ማከማቸት እንደማይቻል ከዚህ ይገባል። አቅራቢው ሒሳቡ ሲዘገይበት «ከእንግዲህ ቅድሚያ ክፈሉ» ይላል፤ ይህች ቃል ከመጣች በኋላ ቡድኑ የሚቆጥረው በሳምንታት ነው። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል እንደሚባለው፣ ማንነቱ ያልተጣራ ባለሀብት ተቀባይነት የሚያገኘው በዚህ ሰዓት ነው።

«ተስማምተናል» እና «ከፍለናል» መካከል ያለው መንገድ

የአንድ ቡድን ሽያጭ ብዙ ደረጃዎች አሉት፤ ዜናው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከመጀመሪያዎቹ በአንዱ ላይ ነው። ቀድሞ የምስጢር ጥበቃ ውል ይፈረማል። ቀጥሎ የፍላጎት ደብዳቤ ይመጣል፤ ዋጋና ድርሻ ይጠቀስበታል እንጂ ገዢውን ለመክፈል አያስገድድም። ከዚያ የሒሳብና የሕግ ምርመራ ይካሄዳል፣ የአክሲዮን ሽያጭ ውል ይፈረማል፣ በውሉ የተቀመጡ ቅድመ ሁኔታዎች ይሟላሉ። የባለቤትነት ለውጥ ሲኖር የሞተር አቅራቢው ወይም አበዳሪው ፈቃዱን እንዲሰጥ የሚጠይቅ አንቀጽ የተለመደ ነው። መጨረሻ ላይ ገንዘቡ በጠበቆች የአደራ ሒሳብ በኩል ያልፍና አክሲዮኑ ይዛወራል። ቡድኑ ተሸጠ የሚባለው ያን ቀን ነው።

ከሁሉ አደገኛው የፍላጎት ደብዳቤው ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ ናት፦ ብቸኛ የመደራደር መብት። ሻጩ ለተወሰኑ ሳምንታት ከሌላ ገዢ ጋር ላይነጋገር ቃል ይገባል። ገዢው እውነተኛ ከሆነ ነውር የለውም፤ ለምርመራው ገንዘብ ስለሚያወጣ ዋስትና ይፈልጋል። ገንዘብ የሌለው ሰው ያንኑ መብት ሲያገኝ ግን ሌሎቹ ገዢዎች እስኪበተኑ ቡድኑን አስሮ ይይዘዋል። አንዳንዱ ሆን ብሎ አያጭበረብርም፤ ድርድሩን በእጁ ካደረገ በኋላ «ይኸውና ቡድን ይዣለሁ» እያለ የሌሎችን ገንዘብ ፍለጋ ይዞራል። ለቡድኑ ውጤቱ አንድ ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ቀብድ መጠየቅ። በጠበቃ የአደራ ሒሳብ የሚቀመጥ፣ ገዢው በራሱ ጥፋት ካፈገፈገ የማይመለስ ቀብድ። የሚያስፈልገው ሻጩ ይህን ለማለት አቅም ሳይጨርስ መጀመሩ ነው።

ሎተስ፣ 2013

በዚህ ረገድ ከሎተስ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ቡድኑ የ2013ን የመጀመሪያ ውድድር በሜልቦርን በኪሚ ራይኮነን አሸንፎ የጀመረ ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ባለቤቱ ጄኒ ካፒታል 35 በመቶ ድርሻ «ኢንፊኒቲ ሬሲንግ ፓርትነርስ» ለተባለ ስብስብ መሸጡን አስታወቀ። ስብስቡ በኋላ «ኳንተም ሞተርስፖርትስ» ተባለ። ከኋላው ያሉት አንድ አሜሪካዊ የኢንቨስትመንት ፈንድ አስተዳዳሪ፣ አቡ ዳቢ የሚገኝ የንግድ ቡድን፣ እንዲሁም የአንድ ትልቅ ነዳጅ አምራች ሀገር ንጉሣዊ ቤተሰብ ናቸው ተባለ። ፊት ለፊት የሚታየው ሰው ነጋዴው መንሱር ኢጃዝ ነበር፤ በ2011 በፓኪስታን በተነሳው የደብዳቤ ውዝግብ ስሙ የታወቀ ነው።

ስምምነቱ ሊቋጭ ነው እየተባለ ከጁን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተንከባለለ። ገንዘቡ አልመጣም። ራይኮነን ሴፕቴምበር ላይ ወደ ፌራሪ እንደሚሄድ ሲታወቅ ምክንያቱ ያልተከፈለው ደመወዙ መሆኑን በግልጽ ተናገረ፤ ኖቬምበር ላይ በአቡ ዳቢ ደግሞ በዓመቱ አንድ ዩሮ እንኳ እንዳልተከፈለው ገለጸ። የጀርባ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ የመጨረሻዎቹን ሁለት ውድድሮች ተወ። ቡድኑ በእሱ ቦታ ሊያስገባው የፈለገው ኒኮ ሁልከንበርግን ነበር። እሱን ለመቅጠር የኳንተም ገንዘብ መምጣት ነበረበት፤ ሳይመጣ ሲቀር ከቬኔዙዌላ የነዳጅ ኩባንያ የስፖንሰር ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ፓስቶር ማልዶናዶ ተፈረመ። ጃንዋሪ 2014 የቡድኑ አለቃ ኤሪክ ቡሊዬ ለቀቀ። መኪናው አልደርስ ብሎ ቡድኑ የሄሬዙን የመጀመሪያ የሙከራ ሳምንት ሳይካፈል ቀረ።

ቁጥሩን እንየው። በ2013 ሎተስ በ315 ነጥብ 4ኛ ወጣ። በ2014 በ10 ነጥብ 8ኛ። የዚያን ዓመት የሬኖ ሞተር ደካማ ስለነበር ውድቀቱን በሙሉ በጠፋው ባለሀብት ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ነገር ግን መሐንዲሶች የሚቀጠሩበት፣ የአሽከርካሪ ውል የሚታሰርበትና የሚቀጥለው መኪና የሚነደፍበት ግማሽ ዓመት ሙሉ የባለሀብቱን ገንዘብ በመጠበቅ አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ዓይነት ነበር።

ዳፋው እስከ 2015 ዘለቀ። በሃንጋሪ የጎማ አቅራቢው ፒሬሊ ክፍያው ስለዘገየበት ጎማዎቹን ይዞ ቆየ፤ መካኒኮቹ ያገኟቸው ዓርብ ልምምድ ሊጀመር ሲል ነው። በቤልጅየም ስፓ የፍርድ ቤት አስፈጻሚዎች በአንድ የቀድሞ አሽከርካሪ ክስ ምክንያት የቡድኑን ንብረት ሊይዙ መጥተው ሳለ ሮማን ግሮዣን 3ኛ ሆኖ ከመድረክ ቆመ። በጃፓን ሱዙካ የእንግዳ ማረፊያቸው ኪራይ ስላልተከፈለ በሩ ተዘጋባቸውና ሠራተኞቹ ምግባቸውን በሌላ ሰው ቸርነት በሉ። መጨረሻ ላይ ሬኖ የቀድሞ ቡድኑን መልሶ ወሰደ፤ ዋጋው 1 ፓውንድ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል፣ ዕዳውን ግን አብሮ ተሸከመ። ከግዢው በፊት የእንግሊዝ ግብር ሰብሳቢ ቡድኑ በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ እንዲገባ በሎንዶን ፍርድ ቤት ሲጠይቅ፣ ሴፕቴምበር ላይ የቀረበው የሬኖ የፍላጎት ደብዳቤ ጊዜ አስገኝቶለታል። ደብዳቤው ከኢንፊኒቲው ሰነድ የበለጠ የሚያስገድድ ሆኖ አይደለም፤ የፈረመው ኩባንያ ሒሳብ ለማንም ክፍት ስለነበር ዳኛው ሊያምነው ቻለ።

«ገንዘቡ ተልኳል» ሲባል

ሰነድ ከክፍያ ጋር የሚምታታበት ቦታ ብዙ ነው። ባንኮች በስዊፍት ሥርዓት ለዓመታት ሲላላኩባቸው ከቆዩት መልእክቶች ኤም ቲ 799 የሚባለው ነጻ ጽሑፍ ነው፤ «ደንበኛችን አቅም አለው» ሊልበት ይችላል፣ ገንዘብ ግን አያንቀሳቅስም። ኤም ቲ 103 የክፍያ ትእዛዝ ነበር፤ እሱም ቢሆን ቅጂው በኢሜይል ከመጣ ማንም ሊሠራው የሚችል ወረቀት ነው። ማረጋገጫው ተቀባዩ ባንክ ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ መውጣት እንደሚችል ሲናገር ብቻ ነው።

«ባንኩ እያጣራ ነው» የሚለው ምክንያትም ይደጋገማል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ባንኮች የትልቅ ገንዘብን ምንጭ መጠየቅ ግዴታቸው ነው። ታዋቂ ሀብት ያለው ሰው ግን የምንጭ ሰነዱ ቀድሞ ባንኩ ዘንድ አለ፤ ማጣራቱ ብዙ ወር የሚፈጅበት ምክንያት አይታይም። ወራት ካለፉ በኋላም ይኸው መልስ ከተሰጠ ሻጩ ሌላውን ገዢ መጥራት አለበት።

ተመልካችስ ምን ማየት ይችላል?

ብዙዎቹ ቡድኖች እንግሊዝ ስለሚገኙ የካምፓኒስ ሀውስ (የሀገሪቱ የኩባንያዎች መዝጋቢ መሥሪያ ቤት) መዝገብ በነጻ ይከፈታል። አዲስ ዳይሬክተር በ14 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ንብረት ለብድር ሲያዝ በ21 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ማን መያዣ እንዳለው ማየት ቡድኑ በእርግጥ የማን እንደሆነ ይነግራል። ከ25 በመቶ በላይ ድርሻ ያለው ሰው ከ2016 ወዲህ በስሙ ይጻፋል። የግል ኩባንያ ዓመታዊ ሒሳቡን ዓመቱ በተዘጋ በ9 ወር ውስጥ ማስገባት ግዴታው ነው፤ የዘገየ ሒሳብ ራሱ ዜና ነው። «ተሸጠ» ከተባለ ሁለት ወር አልፎ የዳይሬክተሮቹም የባለድርሻውም ስም ካልተለወጠ ሽያጩ አልተፈጸመም ብሎ ማሰብ ይበጃል። አንድ ጥንቃቄ፦ መዝገቡ ለረጅም ዘመን የተጻፈለትን ሳያጣራ ይቀበል ነበር። ስለዚህ የሚታመነው ከሚገልጠው ይልቅ ባዶ በተወው ነው።

ይህ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ 2018 አሳይቷል። በመጀመሪያ ፎርስ ኢንዲያ የተባለውን ቡድን ሊገዛ ይፈልጋል የተባለው፣ በኋላም የሌላው ቡድን የሃስ ዋና ስፖንሰር ሆኖ የቀረበው የኃይል ሰጪ መጠጥ ድርጅት ሪች ኢነርጂ ባስገባው ሒሳብ ላይ በባንክ ያለው ገንዘብ 581 ፓውንድ ነበር። ይህን ለማየት ኢንተርኔት ያለው ስልክ በቂ ነው። የስፖንሰር ስምምነቱ በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ፈረሰ።

ስም አለመታወቁ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ኦገስት 2020 ዊሊያምስ ለኒውዮርኩ ዶሪልተን ካፒታል በ152 ሚሊዮን ዩሮ ሲሸጥ እውነተኛ ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑ በይፋ አልተነገረም፤ ጥርጣሬውም በዝቶ ነበር። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። ዊሊያምስ በፍራንክፈርት የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ በመሆኑ ሒሳቡ የታወቀ ነበር፤ ሜይ ላይ ይፋ የሽያጭ ሂደት ከፈተ፣ ዜናው ሲወጣም ገንዘቡ ተዘጋጅቶ ነበር። በ2020 አንድ ነጥብ እንኳ ሳያገኝ የመጨረሻ የወጣው ቡድን በ2023 7ኛ ሆነ።

ሳውበር በ2016 ለሎንግቦው ፋይናንስ ሲሸጥም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ የዚያ ሽያጭ መዘዝ ግን ያልታሰበ ቦታ ደረሰ። ጁላይ ላይ ገንዘቡ ገባ፣ ደመወዝ ተከፈለ፣ መኪናው መሻሻል ጀመረ። ኖቬምበር 13 በብራዚል ዝናብ ውስጥ ፌሊፔ ናስር 9ኛ ሆኖ ለቡድኑ የዓመቱን የመጀመሪያ 2 ነጥብ አመጣ። እስከዚያ ቀን 10ኛ የነበረው፣ ፓስካል ቬርላይን ኦስትሪያ ላይ ባገኛት 1 ነጥብ የቆመው ማኖር የተባለው ትንሽ ቡድን ነው። በዚያች ሁለት ነጥብ ወደ 11ኛ ወረደ፤ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል ተብሎ የሚገመት የሽልማት ገንዘብም አብሮ ጠፋ። ከባለሀብቶች ጋር የያዘው ድርድር በጊዜ ሳይቋጭ ቀረ፤ ጃንዋሪ 2017 ቡድኑ ተዘጋ፣ 212 ሰዎችም ሥራ አጡ። ጥላ ውስጥ ያለ ገዢ አንዱን ቡድን በእውነተኛ ገንዘብ ሲያነሳ፣ ሌላው ገዢውን እየጠበቀ ሞተ።

በጊዜ የተወሰደ እርምጃ ምን እንደሚመስል ፎርስ ኢንዲያ ያሳያል። ጁላይ 27 ቀን 2018 የሃንጋሪ ውድድር ዓርብ፣ ቡድኑ በሎንዶን ፍርድ ቤት በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። ጥያቄውን ያቀረበው ራሱ አሽከርካሪው ሰርጂዮ ፔሬዝ ነው፤ ቡድኑ የእሱ ዕዳ ነበረበት። ብዙዎች እንደ ክህደት አዩት፤ እኔ የማየው 405 ሠራተኞችን ያተረፈ ሥራ አድርጌ ነው። አስተዳዳሪ ሲመጣ ባለቤቱ ተስፋ የሚሰጡ ሰዎችን እያስተናገደ ጊዜ መግፋት አይችልም፤ ተጫራች ገንዘቡን ማሳየት አለበት። ኦገስት 7 ላይ በሎውረንስ ስትሮል የሚመራው ስብስብ መግዛቱ ታወቀ። የቡድኑ ባለቤት የቪጄይ ማልያ አክሲዮኖች በሕንድ ባንኮች ክስ ስለታገዱ ኩባንያውን መግዛት አልተቻለም፤ ፋብሪካውና መኪኖቹ ተገዝተው እንደ አዲስ ቡድን ተመዘገቡ። ለዚህ የተከፈለው እስከዚያ ቀን የተሰበሰበው 59 ነጥብ ነው፤ ተሰረዘ። ቡድኑ ከዜሮ ተነስቶ በዚያው ወር ስፓ ላይ ወጣና ፔሬዝ 5ኛ፣ ኤስቴባን ኦኮን 6ኛ ሆነው 18 ነጥብ ይዘው ተመለሱ።